ባልቴቲቱና አምስቱ ሌቦች
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሌቦች የተሠራ አስቂኝ ሲኒማ ርእስ ማድረጋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ሣቅ አንዳንድ ጊዜ ከተግሣጽ ይልቅ ጠልቆ ይገባልና እስከ ፍጻሜው እንድትታገሡን በትሕትና እንለምናለን።

ሲኒማው «ዘ ሌዲኪለርስ» ይባላል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኢሊንግ ስቱዲዮ ተሠራ፤ ድርሰቱ የዊልያም ሮዝ፣ አዘጋጁም አሌክሳንደር ማኬንድሪክ ነው። በሎንዶን ከተማ፣ በኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሚስዝ ዊልበርፎርስ የተባሉ ባልቴት ይኖራሉ። አሌክ ጊነስ የሚጫወተው ፕሮፌሰር ማርከስ ክፍል ይከራያቸውና ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ እንደሚለማመድ ይነግራቸዋል። በሩን ዘግተው ሸክላ ያጫውታሉ፤ በውስጥ ግን ዘረፋ ይመክራሉ። ባልቴቲቱ ሙዚቃው ደስ እያላቸው ሻይ ይዘው በሩን ያንኳኳሉ፤ ሌቦቹም ቫዮሊናቸውን ለማንሣት ይሯሯጣሉ።

60 ሺህ ፓውንድ ከዘረፉ በኋላ የአንደኛው የሴሎ ማኅደር በበሩ ተይዞ ሲከፈት ብሩ በባልቴቲቱ ፊት ተበተነ። ገንዘቡን መልሱ ቢሏቸው ሌቦቹ ማስረዳት ጀመሩ፤ ኢንሹራንሱ ስለ ከፈለው፣ ጉዳቱ ለሁሉ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንዲት ፋርዚንግ፣ ይኸውም የፔኒ ሩብ ብቻ ነው አሉ።

እኛ እስከዚህ ድረስ ከልባችን ስንሥቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ይህን ንግግር ያዘጋጀነው አራታችን ተያየን፤ ሣቃችንም ቆመ።

ምክንያቱን እንናዘዝ። ከገጠር ለትምህርት የመጣን ስለ ሆንን እዚህ በቆጂ ከአንዲት እናት ቤት ክፍል ተከራይተናል፤ መብራቱን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ አንዳችን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ዐድዋ ጦርነት ሲያነብ ሦስታችን ካርታ እንጫወት ነበር። እማማም በዚያ ብርድ ቆሎ ይዘው ያንኳኳሉ፤ «ልጆቼ፣ ዐይናችሁን አታድክሙ» ይሉናል። እኛ ካርታውን ከጋቢ ሥር እንደብቃለን። የአንድ ሌሊት መብራት ስንት ሳንቲም ነው እንል ነበር። የእኛ ፋርዚንግ ይህች ነበረች።

በሲኒማው ሌቦቹ ባልቴቲቱን ለመግደል ዕጣ ተጣጣሉ፤ ግን አንዳቸውም እጁን ሊያነሣባቸው አልቻለም። እርስ በርሳቸው ተካክደው አለቁ። ባልቴቲቱም ገንዘቡን ለመመለስ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ የሚያምናቸው ጠፋ፤ ይልቁንም ለራስዎ ያስቀምጡት ተባሉ። በዚህ ሥራ ኬቲ ጆንሰን ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት ካለፈ በኋላ የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ምርጥ የእንግሊዝ ተዋናይት ብሎ ሸልሟቸዋል።

እኛም ተመካክረን ጥቂት ብር አዋጣንና ወደ እማማ ሄደን ጥፋታችንን ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር፤ የዐድዋ ጦርነት እናንተ ዘንድ ሦስት ወር ሙሉ አላለቀም» አሉን። ብሩን አልተቀበሉንም፤ «ንባቡን ብቻ እውነት አድርጉልኝ» አሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ጥፋት ለብዙ ሰው ቢካፈል ያንሳል እንጂ ጥፋትነቱ አይቀርም። ጓደኞቻችን ሆይ፣ በየከተማው በር የምታንኳኳዋን አሮጊት አትናቁ፤ በማመኗ ብቻ ሞኝ አትምሰላችሁ።

እማማ ዛሬ ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። ስለዚህ በሕዝብ ፊት እንነግራቸዋለን፦ የዐድዋን ምዕራፍ ጨርሰናል፤ ወደሚቀጥለውም ገብተናል።