የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ፦ በእህል በረንዳ አካባቢ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ዝግጅት



ስለ አደጋ መከላከል በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ እሳት አደጋ መኪና ያመራል። ይሁን እንጂ አደጋ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የባለቤቱ ናቸው። እህል በረንዳን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ጆንያ የጫነ መኪና፣ ጋሪ፣ ተሸካሚና ሸማች በሚጋፉበት መንገድ ከባድ መኪና በፈለገው ሰዓት አያልፍም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎም የመንገዱ መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ ማክበዱ በወቅቱ ተነግሯል።

በዚህ ሠፈር የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አደጋው ከሁለት ወገን ነው። ከውስጥ ጧፍ፣ የጥና ፍም፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃና አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ ከውጭ አጥር ለአጥር የተጠጋ ሱቅና መጋዘን አለ። የተከመረ ጆንያ ላዩ የጠፋ ቢመስልም ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ይቆያል። ስለሆነም በቅጥሩ ግንብ ላይ ሸቀጥ እንዳይደገፍ ማድረግ የመጀመሪያው ርምጃ ነው።

ሁለተኛው የበር ጉዳይ ነው። በመሐንዲሶች ስሌት አንድ ሜትር ስፋት ባለው በር በሰከንድ ከ1.3 ሰው የበለጠ በደኅና አይወጣም። እንግዲህ 1,000 ምእመናን ስፋቱ 1.5 ሜትር በሆነ በአንድ በር ብቻ ቢወጡ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸዋል፤ በሦስት እኩል በሮች ቢወጡ ግን 3 ደቂቃ አይሞላም። አበው ለወንዶች፣ ለሴቶችና ለካህናት የለዩአቸው በሮች በዚህ ረገድ ታላቅ ሀብት ናቸው። ነገር ግን በቅዳሴ ሰዓት ከሦስቱ ሁለቱ ተቆልፈው ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ከቀረ ሀብቱ ከንቱ ይሆናል። የቅጥሩ በርም ከሕንፃው በሮች የጠበበ ከሆነ ሕዝቡ በግቢው ውስጥ ይታፈናል።

ሦስተኛው ከመሐንዲስ ስሌት ውጭ ያለ፣ ሆኖም ሊዘነጋ የማይገባው ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ታቦቱን የሚነኩት ካህናት ብቻ ናቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምንም ያህል ደፋር ቢሆን ይህን ሊተካ አይችልም። በመሆኑም ማን በየትኛው ተራ ቀንና ሌሊት እንደሚገኝ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ታቦቱ የት እንደሚያርፍ፣ የብራና መጻሕፍቱንስ ማን እንደሚያወጣ የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። ይህ ውሳኔ በጭስ መካከል አይደረግም። የሰው ሕይወት ከዕቃ ሁሉ እንዲቀድምም በዚያው መመሪያ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አራተኛው ውኃ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ በደቂቃ 400 ሊትር ለሚረጭ ቱቦ 25 ደቂቃ ያገለግላል። ይህ ዘወትር ሞልቶ ከተጠበቀና ፓምፑ በየወሩ ከተፈተነ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አለኝታ ነው። የእሳት አደጋ መጥሪያው ቁጥር 939 በየበሩ መለጠፍ፣ የኤሌክትሪኩ ማቋረጫም ከአንድ በላይ ሰዎች የሚያውቁት መሆን ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለመልእክትና ለበር ጥበቃ፣ የአካባቢው ዕድሮች ከነድንኳናቸውና ከነድስታቸው የተፈናቀለውን ለማስጠለልና ለመመገብ ዝግጁ ኃይል ናቸው። እሳት የሃይማኖት ድንበር አያውቅም፤ በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። የአንዱ የውኃ ማጠራቀሚያ ለሌላው እንዲደርስ፣ የአንዱ ግቢ የሌላውን ሕዝብ እንዲቀበል በደኅናው ቀን መነጋገር የጎረቤት ወግ ነው።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው እንግዲህ ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ቅዳሜ ሜትሩን ይዞ ወደ ቅርቡ ደብር ቢሄድ፣ በሮቹን ቢለካ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ቢመረምር፣ ያገኘውንም በአንድ ገጽ ጽፎ ለአስተዳዳሪው ቢያስረክብ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ቁልፉም የዚያን ዕለት ከአንድ ኪስ ወደ ሦስት ኪስ ቢዛወር ዝግጅቱ ተጀመረ ማለት ነው።