በቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ስለሚገኝ ፈንጂ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለመሐንዲስና ለጉምሩክ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የሐርቡ ልጅ በመሆኔ ልተወው አልቻልሁም።

ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። በዚህ ጎዳና ንግድም ጦርም ያልፋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ከ86 ዓመት በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በኅዳር ወርም ወደ መጣበት ተመለሰ። ጦር ሲሄድ ግን ብረቱን ሁሉ ጠቅልሎ አይሄድም።

የቀረው ብረት ዋጋ አለው። እረኛው ያነሣዋል፤ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ከቆራሌው ነጋዴው፥ ከነጋዴው ፋብሪካው ይወስደዋል። ብረቱ እጅ በለወጠ ቁጥር ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ከባሕር ማዶ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ እንዲህ ባለ ወደብ ፈታሹ እጅ ላይ የሚደርሰው ዲክላራሲዮን የሚናገረው የዕቃውን ዓይነትና ክብደት ነው። ብረቱ የየትኛው ጦር ሜዳ ትራፊ እንደ ሆነ አይናገርም።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በመስከረም 1997 ዓ.ም. በሕንድ አገር፥ በዴልሂ አጠገብ በሚገኝ የብረት ፋብሪካ፥ ከውጭ በመጣ ቁርጥራጭ መካከል የነበረ ጥይት ፈንድቶ 10 ሠራተኞች ሞቱ። ያ ብረት ወደብንም ጉምሩክንም አልፎ የመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕንድ መንግሥት በመኪና ተፈጭቶ ያልደቀቀ ቁርጥራጭ ብረት ከተጫነበት አገር የምርመራ ምስክር ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ደነገገ።

ብዙ ሰው «የዛገ ጥይት የሞተ ጥይት ነው» ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ዝገቱ የሚበላው ውጪውን ቆርቆሮ ነው፤ ቲ.ኤን.ቲ. የተባለው ፈንጂ ግን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ለብዙ ዓመትም ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ተተኩሶ ያልፈነዳ ጥይት ደግሞ ካልተተኮሰው ይልቅ ያስፈራል፤ ሲተኮስ የመለኮሻው መጠበቂያ ይለቀቃልና። ከዚያ በኋላ አንድ መዶሻ፥ አንድ የጋዝ እሳት ወይም ከክሬን መውደቅ ሊበቃው ይችላል።

እንግዲህ ጉምሩክ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ብረቱ ከመጫኑ በፊት መመርመሩን የሚያረጋግጥ፥ የፈራሚው ስም ያለበት ወረቀት ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ኮንቴይነሩ በወዛደሮች መካከል ሳይሆን ገለል ባለ ቦታ ይከፈት። በራጅ የሚያይ መሣሪያ ቢኖር እንኳ ብረት በብረት ላይ ሲከመር ሁሉን አያሳይምና በእርሱ ብቻ አይታመን። ሦስተኛ፥ የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ማንም አይንካው፤ ለአለቃ ለማሳየትም አያንሣው፤ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ወደ መጋዘን አያስገባው። ሥራው ይቁም፥ ሰው ይራቅ፥ ፖሊስና የመከላከያ ፈንጂ አምካኞች ይጠሩ።

መጋዘን ምን እንደሚያስከትል ቤይሩት አሳይታናለች። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት በወደቡ መጋዘን ለዓመታት ተቀምጦ፥ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ፥ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ገደለ።

ነገር ግን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደንቡ ሁሉ ቢጻፍ ጥይቱን መጀመሪያ የሚያየው ፈታሹ አይደለም። የሚያየው በቀን ሙያተኛነት የሚያወርደው ወዛደር፥ ወይም በሐርቡ ሜዳ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው። ይህ ሰው ቢያመለክት ምን ያገኛል? የቀን ሥራው ይቆምበታል፤ ብረቱ ይወሰድበታል፤ «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ሊጠየቅም ይችላል። ዝም ቢል ግን ብረቱን ሸጦ ራቱን ይበላል። እውነትን መናገር ከዝምታ ይልቅ የሚያስከፍል ከሆነ፥ ድኻው ዝም ቢል በእርሱ መፍረድ አይገባንም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ጉምሩክ የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው በር ያ ልጅና ያ ወዛደር ናቸው። ያመለከተ ሰው እንዳይከሰስ፥ የቀን ሙያውም እንዳይቀርበት፥ ያጣው ብረት ዋጋም እንዲከፈለው ሕግ ይውጣለት። የአንድ ኪሎ ብረት ዋጋ ከአንድ ልጅ እጅ ጋር አይመዛዘንም።

እኛም ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ሕጉ እስኪወጣ አንጠብቅ። በየትምህርት ቤቱና በየገበያው «አትንኩት፥ ምልክት አድርጉበት፥ ራቁና ተናገሩ» እያልን እናስተምር። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን ነው።