«ሮቦት ነው ወይ ኦፕራሲዮን የሚያደርገኝ?»

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል፣ ፋርመርስ ብራንች ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችንን ለሐሞት ጠጠር ሕክምና በታክሲዬ ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ «በሮቦት ነው የምንሠራው» ሲል ብተረጉምላቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ልጄ፣ ሮቦት ነው ወይ ኦፕራሲዮን የሚያደርገኝ? ሐኪሙ የት ሄዶ?» አሉኝ። ሕመማቸውን እንደያዙ ወደ ቤት ተመለስን።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 ባወጣው የሕዝብ አስተያየት መሠረት፣ ከ100 አሜሪካውያን 60ዎቹ ሐኪማቸው አርቲፊሻል ኢንተሊጀንስ በሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመርኩዞ ቢያክማቸው ቅር እንደሚላቸው ተናግረዋል። ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። በ2000 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት በራሱ አይቆርጥም። ሐኪሙ ተቀምጦ በማጉያ እያየ እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ የማሽኑ ክንዶች ያንኑ ይደግማሉ። ስለዚህ የሚጠየቀው «ሐኪሙ በዚህ መሣሪያ ስንት ሰው አክሟል? ያለ ሮቦትስ ሊሠራ ይችላል ወይ?» ተብሎ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን የሚማረው ከመዝገብ ነው። በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ ሕክምና የሚሠራበት አንድ ፕሮግራም የሕመምን ክብደት የሚገምተው ለሕክምና በወጣው ገንዘብ ነበር። ለጥቁሮች የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበር፣ እየታመሙ ጤነኛ መስለው ተቆጠሩ። ልብ በሉ፤ ፈርቶ ከሐኪም ቤት የቀረ ሰውም በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ዘንድ ጤነኛ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ዛሬም ይሠራል።

መፍትሔው መጠየቅ ነው። በቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ ሐኪም በሽታን ለመለየት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲጠቀም ለታካሚው እንዲያሳውቅ ያዛል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

እናታችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። አስተርጓሚ ተጠርቶ፣ ሐኪሙ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ እያሳየ አስረዳቸው። «እጁ ያንተ ከሆነማ ግድ የለም» አሉት። ዛሬ ድነው እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የምትችሉ ሁሉ፣ አረጋውያንን ወደ ሐኪም ቤት ለማጀብ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ አደራ እላለሁ። መጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።