መርዶ በስልክ አይነገርም

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ በኮሚቴው ስም ያሰማው ንግግር። ለመገኘት ላልቻላችሁ አባላት እንዲደርሳችሁ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም። የገቢና የወጪውን ዝርዝር ገንዘብ ያዡ ያቀርባል። እኛ የምንናገረው ስለ ስልክ ነው። «እድርንና ስልክን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ አድምጡንና ፍረዱ።

እንደሚታወቀው ስልክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው የገባው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የጥቂት ሰዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ሌላው ሕዝብ ቴሌ ሄዶ ወረፋ ጠብቆ ነበር የሚደውለው። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብቸናም ሆነ ሞጣ ገበያ ብትወጡ፣ በግ የሚነዳው ገበሬ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ስለመጣ ገንዘቡም በዚያው ይሄዳል።

ጥቅሙን አንክድም። ዐረብ አገር ያለች ልጅ የእናቷን ፊት እያየች ታወራለች። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ለማድረስ መኪና ይጠራበታል። ይህን የሚጠላ ሰው የለም።

እኛም ይህንኑ አይተን በ2013 ዓ.ም. ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ጥሩምባ ነፊያችንን አሰናበትን። ሁለተኛ፣ የአባላቱን መዝገብ ስናድስ የቤቱ ምልክትና የጎረቤት ስም የሚጻፍበትን ትተን የስልክ ቁጥር ብቻ ጻፍን። ወጪ ቀነሰ፤ እናንተም አጨበጨባችሁልን። ዛሬ የቆምነው ሁለቱም ስሕተት እንደነበሩ ልንነግራችሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አንድ አባላችን ሌሊት ዐረፉ። እኛም ገና ሳይነጋ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ከቀብሩ ሰዓት ጋር በቴሌግራም ላክን። ያን መልእክት አንዱ ለሌላው ሲያሳልፈው ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞጣ ገባ። ሞጣ የሟቹ ታናሽ እኅት አሉ። ምጣድ ጥደው እንጀራ ሲጋግሩ የልጅ ልጃቸው ስልክ እያየች ኖሮ፣ «እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ወንድም አይደሉም እንዴ?» አለቻቸው። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ እስኪደርስ ድረስ እኒያ እናት ከአንዲት ሕፃን ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ምድጃው ላይ ወድቀው እጃቸው ተቃጠለ።

አባቶቻችን መርዶ እንዴት ይናገሩ ነበር? ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይመረጣል። ከብቸና ተነሥቶ፣ በደብረ ወርቅ አልፎ፣ ሲመሽ ሞጣ ይገባል። ሐዘንተኛዋ ቤት አይሄድም፤ ሌላ ቤት ያድራል። የሰፈሩ ሰው ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም በአንድነት ደጁን ያንኳኳል። ሐዘንተኛዋ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ነገሩ ይገባታል። ስትወድቅ ግን የሚይዛት እጅ አለ። የእኛ መልእክት ወሬውን አደረሰ እንጂ የሚይዝ እጅ አላደረሰም።

ሦስት የኮሚቴ አባላት ሞጣ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናታችንም «እናንተ ምን ታደርጉ ልጆቼ፣ ዘመኑ ነው» አሉን። እኛ ግን በዘመኑ አናሳብብም። መልእክቱን የላክነው እኛው ነን።

ሁለተኛው ስሕተት የታየው በማግስቱ ዓመት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችንም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። መደወያው ራሱ የሚጠፋበት ቀን ነበር። በዚያ ወቅት አንዲት አሮጊት አባላችን ዐረፉ። መዝገቡን ብንገልጥ ቁጥር ብቻ ተደርድሯል። የማን ቤት የት ነው? ከማን አጠገብ? የሚያውቅ ጠፋ። ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው እንኳ ተቀያሪ አጥቶ፣ በየሜዳው እያሳረፍን ነው ቤተ ክርስቲያን የደረስነው። ለአርባ ዓመት የሰው ለቅሶ የደረሱ እናት እንዲያ ሆነው ተቀበሩ። ለቀጣዩ ቀብር ያሰናበትነውን ጥሩምባ ነፊ ለመንነው። ቂም ሳይዝ ጥሩምባውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። የሁሉንም ቤት በቃሉ ያውቅ ነበር።

ሌላም አለ። «ብሩን በቴሌብር ልኬያለሁ» ብሎ ከለቅሶ የሚቀር በዝቷል። ብሩ ለድንኳንና ለንፍሮ ይሆናል፤ ሐዘንተኛ አጠገብ ግን ብር አይቀመጥም። ድንኳን የመጣውም ወጣት ቢሆን እኮ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ነው የሚያየው።

ስለ ወሬም አንድ ነገር እንበል። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ስለሆነ ይህ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ከተማ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ወንድሞቻችን ሱቆችም ተዘረፉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰው ዘንድ ይዞር የነበረው የቤተ ክርስቲያን እሳት ወሬ ነው። ደግሞም መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራት እርዳታ ሲሰበሰብ፣ ከየአገሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገንዘቡን አዋጣ። ያም ጥሪ በስልክ ነው ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው። ስለዚህ ስልክ የሰጡትን ተሸካሚ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። መላው ደግሞ ከስልኩ አይገኝም፤ ከእኛው ነው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረዳችሁ ሰባራ ድልድይን ታውቃላችሁ። መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ተንጠልጣይ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ፣ ሰው በገመድ ታስሮ ነበር የሚሻገር። ገመዱን የሚስቡ ጉልበተኞች በወዲህም በወዲያም ይቆሙ ነበር። ገመድ ጥሩ ነው፤ ያዥ ከሌለው ግን ገደል ይከታል። ስልክም እንደዚያው መሆኑን እንድታስቡልን ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን አቅርቧል፤ እጅ አውጥታችሁ እንድትወስኑ እንጠይቃለን።

1ኛ. የሟች ስምና ፎቶግራፍ የቅርብ ቤተሰቡ ሁሉ መርዶ መስማቱ ሳይረጋገጥ በስልክ አይላክም። በሩቅ ከተማ ወይም በውጭ አገር ያለ ቤተሰብ ካለ፣ አስቀድሞ እዚያ ላለ ጎረቤት ወይም ዘመድ ተደውሎ፣ ሰው ተሰብስቦ በአካል እንዲነገረው ይደረጋል።

2ኛ. ጥሩምባ ነፊያችን ወደ ሥራው ይመለሳል። ክፍያውም ይሻሻላል።

3ኛ. መዝገቡ ላይ ከስልክ ቁጥር ጎን የቤቱ ምልክትና የሁለት ጎረቤት ስም ይጻፋል። ወጣቶች ቤት ለቤት ዞረው ይመዝግቡ፤ በዚያውም ሰፈሩን ይወቁ።

4ኛ. መዋጮ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ከቀብርና ከለቅሶ መቅረት ግን እንደ ቀድሞው ያስቀጣል።

5ኛ. ስለ ሃይማኖትም ሆነ ስለ ብሔር የሚያጋጭ ወሬ የደረሰው አባል ወደ ሌላ ከማሳለፉ በፊት ለሽማግሌዎቻችን ያሳይ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ስልኩን ጣሉ አላልንም። እኛም ስብሰባውን የጠራናችሁ በስልክ ነው፤ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ቤታቸው ሄደን ነገርን። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ቀን መርዶ መስማታችን አይቀርም። ያን ቀን ደጃችንን የሚያንኳኳ ሰው እንዲኖር ዛሬ እንወስን።



የእድሩ ጸሐፊ፣ በኮሚቴው ስም