አንድ ጉበት ለሁለት ሰው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድን ምሰሶ ስንቀይስ የምንጠይቀው የሚሸከመውን ጭነት ብቻ አይደለም፤ ከጭነቱ በላይ የሚተርፈውን መጠባበቂያ አቅም ጭምር ነው። ዛሬ የማነሣው ርእስ የሐኪሞች ቢሆንም ጥያቄው ከእኛው ጋር አንድ ነው። ከጤነኛ ሰው ጉበት ተከፍሎ ለታማሚ ሲሰጥ፣ መጠባበቂያው አቅምም አብሮ ለሁለት ይከፈላልና።

ፈረንሳዊው ክሎድ ኩይኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ጉበት 8 ክፍሎች እንዳሉት፣ እያንዳንዱም የራሱ ደም አስገቢ ሥርና የሐሞት ቱቦ እንዳለው አሳየ። ጉበትን ከፍሎ መስጠት የተቻለው በዚህ አሠራሩና ተቆርጦም መልሶ በማደጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በሳኦ ፓውሎ የተጀመረው ሙከራ አልሰመረም፤ በሐምሌ 1989 ግን በብሪዝበን የራስል ስትሮንግ ቡድን ከአንዲት ጃፓናዊት እናት የወሰደውን ክፍል ለሕፃን ልጅዋ ተክሎ ተሳካለት።

ዋናዎቹ አማራጮች አራት ናቸው። አንደኛው 2ኛና 3ኛ ክፍሎች ሲሆኑ የጉበቱ 20 በመቶ ያህል ናቸው፤ ለሕፃን ይበቃሉ፤ ለጋሹንም እጅግ አይጎዱም። ሁለተኛው የግራ ክንፍ በሙሉ ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. በጃፓን የሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለዐዋቂ ተከሉት። ሦስተኛው ከጉበቱ 60 በመቶ በላይ የሚሆነው የቀኝ ክንፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የመካከለኛውን ደም መላሽ ሥር ጨምረው ወሰዱት። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በሴኡል የተጀመረው ነው፤ ከሁለት ለጋሾች ሁለት ቁራጮች ተወስደው ለአንድ ታማሚ ይተከላሉ።

ስሌቱን እንመልከት። ለታማሚው የሚተከለው በተለምዶ ከክብደቱ 0.8 በመቶ ማነስ የለበትም፤ በለጋሹ ላይ የሚቀረውም ከጉበቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ሊሆን ይገባል። ታማሚው 70 ኪሎ ቢመዝን 560 ግራም ያስፈልገዋል። የለጋሹ ጉበት 1,200 ግራም፣ የግራው ክንፍ 35 በመቶ ቢሆን፣ ግራው 420 ግራም ስለሚሆን አይበቃም። ቀኙ 780 ግራም ይሆናል፤ ለታማሚው ይተርፋል፤ ለጋሹን ግን እስከ ወሰኑ ጫፍ ያደርሰዋል። በተለምዶ የሚጠቀሰው የለጋሽ ሞት ግምት ለግራው ከ1,000 አንድ ያህል ሲሆን፣ ለቀኙ ከ2 እስከ 5 ይደርሳል።

ይሁንና ጉዳዩ በክብደት ብቻ አያበቃም። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀትና ከጣፊያ በሚመጣው ፖርታል ሥር ያልፋል። ለሰፊ ማሳ የተመጠነ ውሃ በጠባብ መደብ ላይ ቢለቀቅ አፈሩን ጠርጎ እንደሚወስድ ሁሉ፣ ይህም ፍሰት በትንሽ ቁራጭ ላይ ሲወርድ ሕዋሳቱን ይጎዳል። ስለዚህ የኪዮቶ ሐኪሞች ጣፊያን በማውጣትና በመሳሰለው ዘዴ ግፊቱን ከ15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች በማድረግ፣ ዝቅተኛውን መጠን ወደ 0.6 በመቶ አወረዱ። በምሳሌያችን 420 ግራም ከ70 ኪሎ ልክ 0.6 በመቶ ነውና፣ ቀድሞ የማይበቃው የግራ ክንፍ አሁን ሊታሰብ ይችላል። ፍሰቱን መቆጣጠር ከለጋሹ ሸክም ቀነሰ ማለት ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ! ለጋሹ ሕመም የለበትም፤ ከቢላዋውም ለአካሉ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ታማሚው ወንድሙ ወይም ልጁ ሲሆን ደግሞ «እምቢ» ለማለት አፉን ይይዘዋል። በመሆኑም የታማሚው ሐኪም ያልሆነ ሌላ ሐኪም ለጋሹን ብቻውን ሊያነጋግረው፣ እስከ መጨረሻይቱም ሰዓት ሐሳቡን የመለወጥ መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። ምሰሶ አይናገርም፤ ስለዚህ እኛ እንሰላለታለን። ሰው ግን ስለ ፍቅር ብሎ ከአቅሙ በላይ ልሸከም ይላል። ተሸካሚው ፈቀደ ተብሎ የደኅንነቱ ወሰን እንዳይነካ መጠበቅ የሚያሰላው ባለሙያ ግዴታ ነው።