ፈተናና የክረምት ጉዞ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ለመናገር ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ስላሉ፤ እኔ የተፈቀዱልኝን ጥቂት ደቂቃዎች በእኛ በተፈታኞች ዘንድ በየዕለቱ ለሚነሣ አንድ ጉዳይ ላውላቸው መርጫለሁ። ጉዳዩም፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናው በሚሰጥበት ዓመት ለክረምት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ማሰብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው።

እኛ በሳሊተ ምሕረት አካባቢ የምንኖር ልጆች ስለ ጉዞ ብናስብ የሚያስደንቅ አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርባችን ነው፤ በሰፈራችንም ወንድሙ ወይም አክስቱ በውጭ አገር የምትኖርለት ልጅ ብዙ ነው። በተጨማሪም የእኛ ክረምት ለአውሮፓና ለአሜሪካ በጋ ስለሆነ፤ እኛ በዝናብ ምክንያት ቤት በምንውልበት ወራት እነዚያ ዘመዶቻችን ደግሞ ዕረፍት የሚያገኙበትና «ልጁን ላኩልን» የሚሉበት ጊዜ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምኞት ግን አዲስ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የጂቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ተማሪ በባቡር ጂቡቲ ወርዶ፤ ከዚያም በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚደርሰው። ስለዚህ የሚሄደው ለዓመታት እንጂ ለአንድ ክረምት አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ግን መንገዱ እያጠረ መጣ። ዛሬ መንገዱ አንድ ሌሊት ሆኗል፤ ወረቀቱ ግን ወራት ይፈጃል። ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው።

ይህን በቤቴ በሆነው ላስረዳ። በጀርመን አገር የምትኖረው አክስቴ ለክረምት እንድመጣ ጥሪ ልካ የትኬቱን ግማሽ እንደምትከፍል አስታወቀች። አባቴ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ «በመጀመሪያ ፈተናህን ጨርስ፤ ስለ ጀርመን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ። ብዙዎቻችሁ ወላጆች ይህንኑ ቃል የተናገራችሁ ይመስለኛል። ቃሉ የፍቅር ቃል ነው፤ የአገራችንም ተረት ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላል። ሆኖም የቀን መቁጠሪያ ይዘን ከአባቴ ጋር በተቀመጥን ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ አሳየን።

ሼንገን በተባለው ስምምነት የተሳሰሩት የአውሮፓ አገሮች ለቪዛ ማመልከቻ መልስ የሚሰጡበት መደበኛ ጊዜ 15 ቀን ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ይህ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለቀው ሐምሌ 11 ቀን ነበር። እንግዲህ አንድ ተፈታኝ አባቴ እንዳለው ፈተናውን ጨርሶ በማግሥቱ ቢያመለክትና መልሱ 45 ቀን ቢፈጅ፤ ቪዛውን የሚያገኘው ነሐሴ 27 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው! የፈተናው ውጤት ደግሞ በዚያው በጳጉሜን ተነገረ። ስለዚህ «ከፈተና በኋላ» ማለት ለጉዞው «አይሆንም» ማለት ነበር፤ አባቴ ግን እንዲህ ለማለት አላሰበም።

በሌላው ወገን ደግሞ ጉዞውን አስቀድሞ ቀኑን ቆርጦ ትኬት የሚገዛ ተማሪ አለ። እርሱም የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የፈተናችን ቀን ሲንቀሳቀስ የኖረ ነው። የ2012 ዓ.ም. ተማሪዎች በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የተፈተኑት በ2013 የካቲት ማለቂያና መጋቢት መግቢያ ላይ ነበር። የ2013 ተማሪዎች በ2014 ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር መግቢያ ላይ ተፈተኑ፤ በጦርነቱ ምክንያት ከዚያም በኋላ ቆይተው የተፈተኑ ነበሩ። የ2014 ተማሪዎች ደግሞ በ2015 ጥቅምት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየገቡ ተፈተኑ። በ2015 ፈተናው ወደ ሐምሌ ማለቂያ፤ በ2016 ወደ ሐምሌ መግቢያ፤ በ2017 ደግሞ ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያለፈውን ዓመት ቀን አይቶ ለሚመጣው ክረምት ትኬት የቆረጠ ሰው ቢኖር ኖሮ፤ አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ባልገመተ ነበር። ለጉዞ ብሎ ከፈተና የቀረ ተማሪ ቢበዛ የሚመጣውን ዓመት ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ፈተናውም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 መጨረሻ 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 ደግሞ 8.4 ሆኑ። ቁጥሩ እየጨመረ መሄዱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፤ ከመቶው ተማሪ ዘጠና የሚበልጡት ገና በሩ ላይ የሚቀሩበት ፈተና ነውና፤ ከሚያዝያ ወር በኋላ በኤምባሲ በር የሚሰለፍ ተፈታኝ ጊዜውን ከየት እንደሚያመጣው አይገባኝም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ከፈተና በፊት፤ ጉዞው ከፈተና በኋላ ይሁን፤ ከሚያዝያ እስከ ፈተናው ማለቂያ ባለው ጊዜ ግን ስለ ጉዞ አንድም ነገር አይሠራ።

በአንደኛ ደረጃ፤ ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀትና የነዋሪነት መታወቂያ ስለሚያስፈልግ ይህ በዓመቱ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። በሁለተኛ ደረጃ፤ የሼንገን ማመልከቻ ከመንገዱ ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ስለሚችል፤ በነሐሴ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በየካቲት ማመልከት ይችላል። የሚጠይቀውም ቀን በነሐሴ ውስጥ ይሁን እንጂ ወደ ሐምሌ አይጠጋ፤ ፈተናው ጥቂት ቢገፋ እንኳ ቦታ ይኖረዋልና። በሦስተኛ ደረጃ፤ ቪዛው እስኪገኝ ድረስ በትኬት ፋንታ የቦታ መያዣ ብቻ ይቅረብ። ደንቡ ስለሚለወጥ ከሁሉ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

አንድ የማይታሰብ ችግርም አለ። ተፈታኝ በክረምቱ ወራት የማን ተማሪ ነው? ከአሮጌው ትምህርት ቤት ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲም ገና አልተመደበም። የኤምባሲው ሰው «ተመልሰህ ወደ ምን ትመጣለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችንን የምለምነው፤ ተማሪው ለፈተና የተመዘገበ መሆኑንና ከፈተናውም በኋላ ውጤቱንና የዩኒቨርሲቲ ምደባውን የሚጠብቅ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ በጊዜው እንዲጽፉልን ነው። ለእናንተ አንድ ገጽ ነው፤ ለእኛ ግን የጉዳዩ ዋና ምስክር ነው።

ከደብዳቤውም በኋላ የእኛ ቃል ይቀራል። ቀድሞ 15 የነበረው ቀን 45 የሆነው ያለ ፈቃድ በዚያ የቀሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ ከኢትዮጵያ በኩል በቂ ትብብር አልተደረገም ተብሎ ነው። እዚያ የቀሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ችግር ይኖራቸዋል፤ እኔ ልፈርድባቸው አልቆምኩም። ነገር ግን ለጉብኝት ብሎ ሄዶ የሚቀር ተማሪ፤ ከኋላው በሚመጡት በ11ኛና በ10ኛ ክፍል ወንድሞቹና እኅቶቹ ላይ በሩን እንደሚያጠብ ማወቅ አለበት። ደብዳቤውን የፈረመለት መምህርም ለሌላው ተማሪ ሲፈርም እጁ ይከብደዋል።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ማመልከቻው ተቀባይነት ባያገኝም ገንዘቡ አይመለስም። በዚያ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። የሐምሌና የነሐሴ ትኬትም ተጓዥ ስለሚበዛ ይወደዳል። በእኛ ቤት ይህ ገንዘብ ከአባቴ እቁብ የሚወጣ ነው፤ ያው እቁብ ደግሞ በመስከረም የታናሽ እኅቴን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን ነው። በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል፤ በየካቲት አመለክታለሁ፤ መልሱ እስከ ሚያዝያ ካልመጣ ወይም «አይሆንም» ከተባልኩ ገንዘቡ የእኅቴ ይሆናል። እኔም በክረምቱ ደብረ ብርሃን አያቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ይህን በተነጋገርንበት ማታ እኅቴ ከጎናችን ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበርና፤ የማን ገንዘብ ይዤ እንደምሄድ በዚያን ጊዜ በግልጽ ታየኝ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ዓለምን ለማየት መመኘት የሚያስነውር ነገር አይደለም። በዚህ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተማሩን መምህራን ካርታውን የዘረጉልን አንድ ቀን በእግራችን እንድንደርስበት ጭምር ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. ከፈተናው ማለቂያ እስከ ውጤቱ ድረስ 50 ቀን ያህል ነበር፤ እንዲህ ያለ የመጠባበቂያ ጊዜ በሕይወታችን ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ያን ጊዜ አስበን እንጠቀምበት።

እናንተም ክቡራን ወላጆች፤ ልጃችሁ በመስከረም ወይም በጥቅምት ስለ ጉዞ ሲያነሣ ልቡ ከትምህርቱ ሸሸ ብላችሁ አትዘኑበት። የቀን መቁጠሪያ አምጥታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። በሰኔ ቢያነሣባችሁ ግን፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን አስጨብጡት።

ትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ ይኑረው።