«የቅቤ ሽሮ» ካልን ቅቤ ይግባበት



በከተማችን ምግብ ቤቶች በር ላይ «የቅቤ ሽሮ»፣ «የጾም በያይነቱ» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ገብተን ስናዝዝ አንዳንዴ ሽሮው የዘይት ሆኖ ይመጣል፤ ሒሳቡ ግን የቅቤ ነው። በጾም ምግብ ሲሆን ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል፤ ጥብስ በተሠራበት መጥበሻ ከተሠራ የጿሚዋን ሕሊና ይነካል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። አማርጠን ወይም ዋጋ ተከራክረን ስለነበር ብቻ እንድንገዛ አንገደድም። ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት «በምን ተሠራ? ዋጋውስ?» እንበል። ስንከፍልም ደረሰኝ እንቀበል፤ አቤት ለማለት ማስረጃችን እሱ ነው።

ከእኛም መካከል ምግብ ሸጠን የምናድር አለን። ቅቤ ሲወደድ ሁለት ቀና መንገድ አለ፦ ዋጋውን መጨመር፣ ወይም «የዘይት ሽሮ» ብሎ በቅናሽ መሸጥ። ስሙን ሳይነኩ ቅቤውን ማስቀረት ለአንድ ቀን ያተርፋል፤ ደንበኛዋ ግን አትመለስም፣ ለጎረቤቷም ትነግራለች። ያ ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም፤ ቤት ግን ይዘጋል።